በወንዶች ትምህርት ቤት የሙዚቃና የበጎ አድራጎት ቀን እንዴት ይዘጋጃል? ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ደረጃ በደረጃ

በማስተምርበት የወንዶች ትምህርት ቤት በየዓመቱ ኅዳር መጀመሪያ ላይ የምንጠብቃት አንዲት ቅዳሜ አለች። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ክራርና ማሲንቆ ይመታሉ፣ ወላጅና ጎረቤት ግቢውን ይሞላዋል። በዕለቱ የተሰበሰበው ሳሙና፣ ዱቄትና ገንዘብ ደግሞ በሳምንቱ በራሳቸው በልጆቹ ትከሻ ወደሚያስፈልገው ቤት ይሄዳል። ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡ መምህራንና ወላጆች “እንዴት ነው የምትሠሩት?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለዓመታት በደብተር ያሰፈርኩትን እዚህ አስቀምጫለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ወንድና ሴት በሚማሩበት ትምህርት ቤት ድግስ ሲኖር ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ቡናው፣ ዳቦ መቁረሱ፣ ዕቃ ማጠቡ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። ወንዶቹ ሞንታርቦ ተሸክመው ካስገቡ በኋላ ቁጭ ብለው ይበላሉ። በወንዶች ትምህርት ቤት ግን ሥራውን የሚጥሉበት ሌላ ሰው የለም። ሊጡን የሚያቦካውም፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጠውም፣ ድስት የሚፈትገውም ያው ወንድ ልጅ ነው። ይህን ዕድል ምግብ አቅራቢና ዲጄ ቀጥራችሁ አታባክኑት።

ደግሞም ከባዶ አትነሱም። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ዱላ ይዘው “ሆያ ሆዬ” እያሉ ከደጅ ደጅ የሚዞሩትን ልጆች አስቡ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሙልሙሉን ወይም ገንዘቡን ይቀበላሉ፣ ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ፣ ያገኙትን እኩል ይካፈላሉ። መዝፈን፣ መቀበል፣ መመረቅ፣ ማካፈል፤ አሠራሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኛ የለወጥነው መጨረሻውን ብቻ ነው፦ የተገኘው ለዘፋኞቹ ሳይሆን ለሌላ ሰው ይሄዳል።

አንደኛ፦ ዘፈኑ ይቆይ፣ ተረጂውን አስቀድማችሁ እወቁ

የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ስህተታችን ይኸ ነበር። “ልብስና ጫማ እንሰብስብ” ብለን ሁለት ወር ለፋን። አሥራ አራት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ተሰበሰበ። አረጋውያን ወደሚጦሩበት አንድ ቤት ይዘን ሄድን። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ በደስታ ተቀብላን፣ መርቃን ስታበቃ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተችልን። እስከ ጣሪያው ድረስ ልብስ ነበር። እኛ ያመጣነው ደግሞ አብዛኛው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው። የሚያስፈልጋቸውን የጠየቅናት ያኔ ነው፦ የልብስ ሳሙና፣ በረኪና፣ የአዋቂ ዳይፐር። አንዱንም አልያዝንም።

ከዚያ ወዲህ ከመስከረም መጨረሻ በፊት አራት ወይም አምስት ተማሪዎችና አንድ መምህር ባዶ እጃችንን ሄደን እንጠይቃለን። ሥራ አስኪያጁን ብቻ አታነጋግሩ። ወጥ ቤት የምትሠራዋን፣ ልብስ የምታጥበዋን፣ ዕቃ ቤት ያለውን ሰው አነጋግሩ። ልጆቹ በወረቀት ይዘው የሚሄዱት ጥያቄ አራት ነው፦ ወሩ ሳያልቅ ቀድሞ የሚያልቅባችሁ ምንድን ነው? ተትረፍርፎ ቦታ የያዘባችሁስ? ጠያቂ የማይመጣበት ቀን መቼ ነው? ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት።

ቦታ ስትመርጡ በእግር የሚደረስበትን አስቀድሙ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መቄዶንያ ያሉ ስማቸው የታወቀ ማዕከላት አሉ፤ ሥራቸው ትልቅ ነው፣ ርዳታም ይገባቸዋል። ነገር ግን በየወረዳው በዓል ሲመጣ እንኳ ማንም የማያንኳኳው ትንሽ ቤት አይጠፋም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ ሊኖሩ ይችላሉ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሊመላለሱ የሚችሉት እንዲህ ወዳለው ነው።

ለልጆቹ በጠዋት ሰልፍ ላይ የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ እንነግራቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመንፈሳዊ ጉዞ ሄደው፣ በረሃብ ከተጎዳው አካባቢ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በስማቸው የሚጠራው ያ ትልቅ የሕፃናት መርጃ ድርጅት የተጀመረው በእነዚያ ሁለት ሕፃናት ነው። “ስንት ብር እንሰብስብ?” የሚለው ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ይህን መስማታቸው ይጠቅማል።

እንዲሁም በራሳችሁ ግቢ ውስጥ ምሳ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ እርሱን የሚመለከተው ነገር ከዚህ ቀን ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ዓመቱን ሙሉ በሁለት መምህራን እጅ በምስጢር ይያዝ። ወንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ለርዳታ ከተጠራ በነጋታው ከትምህርት ቤት ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ምረጡ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለ ቅዳሜ ተመራጭ ነው። በዐቢይ ጾም ብዙ ቤተሰብ ዘፈን አይሰማም፣ ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመት ፈተና አለ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡም ፈተናውም አለ። ረመዳን በየዓመቱ በአሥር ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ እርሱንም እያያችሁ። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ለልምምድም ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ አምስት ስድስት ሳምንት ይገኛል።

ኅዳር ሌላም ነገር አለው። ኅዳር 12 “ኅዳር ሲታጠን” እየተባለ ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። ይህ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እኛ ቆሻሻ አናቃጥልም፤ የቅዳሜዋን ጠዋት ግን ግቢውንና ከግቢው ውጭ ያለውን ቦይ በማጽዳት እንጀምራለን። ጎረቤት ልጆቹን አካፋ ይዘው ሲያያቸው፣ ከሰዓት የሚሰማውን የሙዚቃ ጩኸት በሌላ ልብ ይቀበለዋል።

ሦስተኛ፦ ሥራውን ለልጆቹ ስጡ

ሚኒ ሚዲያው መድረኩን ይያዝ፣ የቀይ መስቀል ክበቡ ከተረጂዎች ጋር ያለውን ግንኙነት ይያዝ፣ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ደግሞ ወላጆችን ያስተባብር። ይህ በየትምህርት ቤቱ ያለ ስለሆነ አላስረዝምም። ምክሬ ሌላ ነው፦ ልጆቹን ከለመዱት ቦታ አንቀሳቅሷቸው። የእግር ኳስ ቡድኑን አምበል ሊጥ ቤት አግቡት። በሒሳብ የሚያንሰውን ልጅ ዕቃ መዝጋቢ አድርጉት፤ ሰማንያ ሳሙና ቆጥሮ ሲያስረክብ ቁጥር አይፈራም። ሁልጊዜ የሚረብሸውን ልጅ ሽማግሌ ተቀባይ አድርጉት። አንዱን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዲህ አድርገን ነበር፤ ዩኒት ሊደሩ አልወደደውም። ልጁ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ደረቱ አድርጎ ጎንበስ እያለ “ጋሼ ይግቡ፣ እትዬ በዚህ በኩል” ሲል አመሸ።

ዕድርን አትርሱ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ብርጭቆ ያለው የሰፈሩ ዕድር ዘንድ ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ዕድሩ ዳኛ የምትሄዱት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ የሚሄዱትም ተማሪዎች ይሁኑ። ዕድርተኛው ሁሉ በክብር እንግድነት ይጠራ።

አራተኛ፦ ዘፈኑ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲዲ ወይም ፍላሽ ከፍቶ ልጆቹን አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ማድረግ ቀኑን ይገድለዋል። የሚሰማው የልጆቹ የራሳቸው ድምፅ ይሁን፤ ቢዛባም ይዛባ።

የወንዶች ትምህርት ቤት ልዩ ችግር የድምፅ መለወጥ ነው። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የወንድ ልጅ ድምፅ እየጎረነነ በስምንት ኖታ ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድም ቀስ ብሎ አይደለም፤ ይሰነጠቃል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ስሙት፤ ጓደኞቹ ባሉበት አይሁን። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ስሙን እጠራዋለሁ፣ “አቤት!” ይላል። “አቤት” ያለበት ድምፅ ሳይጨነቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጌ ዜማውን አስጀምረዋለሁ። ከዚያ በሦስት ክፈሏቸው፦ ገና ያልጎረነኑ፣ በመለወጥ ላይ ያሉ፣ ጨርሰው የጎረነኑ። ያልጎረነኑት ዜማውን ከላይ ይያዙ። የጎረነኑት ያንኑ ዜማ ከታች ይያዙት። መካከለኞቹ በአምስት ስድስት ኖታ ውስጥ የምትዞረዋን የተቀባዩን መስመር ብቻ ይዘምሩ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቋቸው።

ደግነቱ የእኛ ቅኝት ለዚህ ይመቻል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱም አምስት አምስት ኖታ ናቸው። ለጀማሪ የምመክረው ትዝታን ነው፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ጀምሮ ስለሰሙት ጆሯቸው ያውቀዋል። አንቺሆዬን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረን። በቀደመው ዓመት አውራጅ ነበር፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ ድምፅ ነበረው። በሁለተኛው ዓመት ልምምድ ላይ መካከሉ ላይ ድምፁ ሲሰበር ልጆቹ ሳቁ። በማግስቱ ቀረ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አገኘሁትና “ቲቸር፣ ድምፄ ጠፋ” አለኝ፤ የምር የጠፋ መስሎት ነበር። ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። ሰፊውን ጎን በቀኙ፣ ጠባቡን በግራው እየመታ የችክችካውን ምት ያዘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ልጅ የሚመራው እርሱ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ወደ ዘፋኞቹ ሲመለስ ከሁሉም የጎረነነው ድምፅ የእርሱ ነበር። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ ድምፁ እየተለወጠ ያለ ልጅ ባዶ እጁን አይቁም፤ የሚይዘው ነገር ይኑረው። የድምፁ መሰበር ምን እንደሆነም አስቀድማችሁ ለሁሉም በግልጽ አስረዱ፤ ሳቁ ያኔ ይቆማል።

ስለ መሣሪያ፦ ክራር ቢኖራችሁ መልካም ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ክሩን እያጠበቁና እያላሉ በልጆቹ ድምፅ ልክ መቃኘት ይቻላል። ልጆቹን ወደ ክራሩ አትጎትቱ፣ ክራሩን ወደ ልጆቹ አምጡት። ዋሽንት ግን እንደ ክራር አይቃኝም፣ እያንዳንዱ ዋሽንት የራሱ ድምፅ አለው። ስለዚህ ለልጆቹ ድምፅ የሚስማማውን ዋሽንት አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ክራሩና ማሲንቆው በእርሱ ይቃኙ። በገና ካላችሁ ለዚህ መድረክ አታውጡት። ዐሥር አውታር ያለው በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ጭብጨባ መሀል ቦታው አይደለም። መሣሪያ ጨርሶ ከሌላችሁ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል።

ዘፈን ስትመርጡ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ሳይሸማቀቅ የሚዘፍነውን ውሰዱ፦ ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ መኸር፣ ስለ ደቦ። ግቢያችሁ ውስጥ የጉራጊኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ካለ አንድ የቤቱን ዜማ እርሱ ለሁሉም ያስተምር፤ በዚያች ሰዓት መምህሩ እርሱ ነው። ስምንት ዘፈን ይበቃል። አንዱ ግን ልጆቹ ራሳቸው የገጠሙት ይሁን። በቡሄ ዜማ ላይ አዲስ ግጥም እንዲገጥሙ አንድ ሳምንት ስጧቸው። ቤት መምታት ለወንድ ልጅ እንደ ጨዋታ ነው፤ ሲጋጠሙበት እረፍት ሰዓታቸውን ይረሳሉ። ከኛ ልጆች አንዱ የጻፈው እስከ ዛሬ ይዘፈናል፦

እማማ ይክፈቱ፣ በሩ ላይ ቆመናል፣
ዘፈን ብቻ አይደለም፣ ዱቄት ተሸክመናል።

ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ አርባ ደቂቃ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ትራንስፖርትም ያመልጣቸዋል።

በልምምዱ መሀል የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። ርዳታ ተቀባይ ሆነው የመጡ ልጆች ላገሩ ማርሽ ባንድ ሆኑት። የኛ ልጆች ሳሙና ይዘው ወደ አንድ ቤት ሲገቡ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለው አስበው እንዲገቡ እፈልጋለሁ።

አምስተኛ፦ ዳቦና ሻይ

ምግቡን ቀላል አድርጉት፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይ። ሥጋ ከገባ የክርስቲያንና የሙስሊም እየተባለ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ወጪውም ይንራል። በዳቦና በቆሎ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል።

ዳቦውን ልጆቹ ይጋግሩ። ከዐርብ ከሰዓት ጀምሮ አንዲት ሙያ ያላቸው የተማሪ አያት ወይም እናት ይምጡና ያሳዩአቸው። እርሳቸው ግን እጃቸውን ሊጥ ውስጥ አያስገቡ፤ ተቀምጠው ያዝዙ። እኛ ዘንድ እማማ ዱላቸውን ይዘው “በጡጫ ነው እንጂ በጣት ሊጥ አይታሽም!” ሲሉ አሥራ ሁለት ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲያሹ ማየት ደስ ይላል። እርሾው ገብቶ ሊጡ ኩፍ እንዲል እስከ ሌሊት ይቀመጣል። ጠዋት ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት፣ ኮባ ተነጥፎለት፣ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። ለመጋገሩ አዋቂ ይቁም። እሳት ነውና በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የመጀመሪያው ድፎ ቢያር አትጣሉት፤ የጋገሩት ልጆች ይብሉት።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡ

መግቢያ በትኬት አታድርጉ። ሦስት ልጅ የሚያስተምር የቀን ሠራተኛ አባት አምስት ትኬት አይገዛም፤ ልጁ ሲዘፍንም አያይም። መግቢያው “የቻልከውን” ይሁን፦ አንድ ሳሙና፣ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ ወይም ባዶ እጅ። በር ላይ ሁለት ልጆች በመዝገብ ይቀበላሉ፤ የሚመዘገበው ግን ዕቃው ነው፣ የሰጪው ስም አይጻፍም።

በክፍልና በክፍል መካከል የብር ውድድር አታድርጉ። አንድ ዓመት አድርገነው ነበር። የአንዱ ክፍል ሀብታም አባት ሁሉንም ከፍሎ አሸነፉ፤ ሌሎቹ ክፍሎች ያኔውኑ ተዉት። አሁን የሚወዳደሩት በሥራ ሰዓት ነው፦ ማን ስንት ሰዓት ጠረገ፣ ጋገረ፣ ተሸከመ። የክፍል አለቃው ይመዘግባል።

የተቆለፈ ሣጥን አስቀምጡ፤ ቁልፉ ሣጥኑን ከያዘው ሰው ሌላ በሆነ ሰው እጅ ይሁን። ቆጠራው በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ አንድ ወላጅና ሁለት ተማሪዎች ባሉበት ይካሄድ፤ አራቱም ይፈርሙ። በባንክ ወይም በቴሌብር የሚገባው ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ እንጂ ወደ መምህር የግል ስልክ ፈጽሞ አይግባ፤ መምህሩ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቆረጥ። ወጪያችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ ከመቶ ብር ከአሥር ብር በላይ ለዝግጅት አናወጣም፤ ድንኳኑ ስለማይከራይ፣ ዳቦውም ስለማይገዛ ይህ ይቻላል።

ጨረታ ከወደዳችሁ አንድ ብቻ፦ ልጆቹ የጋገሩት ትልቁ ድፎ። አሸናፊው ወስዶ ብቻውን አይበላውም፣ እዚያው ቆርሶ ለሽማግሌዎቹ ያድላል።

ሰባተኛ፦ የዕለቱ ሥርዓት

ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ። ከስምንት ሰዓት ተጀምሮ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይለቅ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ጄኔሬተር ፈልጉ፤ ካልተገኘም አትጨነቁ፣ ከበሮ መብራት አይፈልግም። ሞንታርቦው ወደ ግቢው ውስጥ ይዙር እንጂ ወደ ጎረቤት አይሁን። ንግግር አንድ ነው፣ አምስት ደቂቃ፤ እርሱንም ተማሪ ይናገር። ስፖንሰርና ባለሥልጣን ወደ መድረክ መጥራት የጀመራችሁ ቀን፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ጠባቂ ይሆናሉ።

የቀድሞ ተማሪዎችን ጥሩ፣ ግን ወንበር ላይ አትተዉአቸው። የመጨረሻውን ዘፈን ከልጆቹ ጋር ቆመው ይቀበሉ። ድሮ እዚሁ ሜዳ ላይ ኳስ የተጫወተ አሁን ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጠገብ ቆሞ ሲያጨበጭብ ግቢው በሌላ ዓይን ይታያል።

ስምንተኛ፦ ማድረስ

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳይሆን፣ ጠያቂ የለም ባሏችሁ ቀን ሂዱ። እኛ ዘንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ልጆቹ ዱቄቱን ተሸክመው በእግር ይሄዳሉ፤ ሃምሳ ኪሎው ለሁለት ለሁለት፣ ሳሙናው በካርቶን። ዕቃውን ለንብረት ክፍሉ በዝርዝር ያስረክባሉ። ተረጂው ቆሞ ሲቀበል ፎቶ አይነሣም፤ በሩ ላይም ስልኮች ይሰበሰባሉ።

ማይክ አትውሰዱ። ሁለት ሦስት ዘፈን በለሆሳስ ይዘፈንና ከዚያ ፕሮግራማችሁን ባዶ ተዉት። ይህን የተማርነው ከአንድ አባባ ነው። ልጆቹ ትዝታ ዘፍነው ሲጨርሱ፣ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሰው እጃቸውን ዘረጉ፤ ክራሩን ነው። ባለ ክራሩ ልጅ ወደኔ አየ፣ ሰጣቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው አንዱን ክር መቱት። “ላልቷል” አሉ። ማጠንጠኛውን ዞር አደረጉ፣ ሌላውንም፣ ሌላውንም፤ ቅኝቱን ከትዝታ ወደ ባቲ እያመጡት ነበር። ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው፤ ሠላሳ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ተጫወቱ። በጣቶቻቸው ውስጥ ያለውን ያህል እኔም አልችልም። ልጁ በሚቀጥለው ማክሰኞ ብቻውን ክራሩን ይዞ ተመለሰ፤ እስከ ሰኔ ድረስ ሲማር ቆየ።

ስለዚህ “ምን ላጫውትዎ?” ከማለት “እርስዎ ምን ይዘፍኑ ነበር?” ብሎ መጠየቅን አስተምሯቸው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከአንድ ሰው አጠገብ ይቀመጡ፤ ስም ይጠይቁ፣ ስማቸውን ይናገሩ። ምርቃት ሲመረቁ ቆመው “አሜን” ይበሉ። መውጫው ላይ ቀጣዩን ቀን ያስታውቁ፤ ካሉም ይምጡ። እመጣለሁ ብሎ መቅረት ባዶ እጅ ከመሄድ ይብሳል።

ዘጠነኛ፦ ማስረከብ

በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ደረሰ የሚለው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፣ በጠዋት ሰልፍም በተማሪ ይነበብ። የጎደለ ወይም የጠፋ ካለ እርሱም ይነበብ። መስከረም ላይ ሄደው የጠየቁት ልጆች የጻፉትን ወረቀት አውጡና ከደረሰው ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱን ለሚቀጥለው ዓመት በደብተሩ ያዙ።

የዕድሩ ዕቃ ሰኞን አይለፍ። ድስቶቹ በአመድና በአሸዋ ተፈትገው፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ፣ ድንኳኑ ደርቆ ታጥፎ ይመለስ። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ በአዲስ ተተክቶ ነው የሚሄደው። የሚወስዱትም ደብዳቤውን ይዘው የሄዱት ልጆች ናቸው፤ የዕድሩ ዳኛ ቆጥረው ሲረከቡ አጠገባቸው ቆመው ይጠብቁ።